ተኝተው የሚወጡበት ጣራ

ወንድም ጋሼ ጣራ ሠሪ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ሲመታ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጠዋት ዝናብ ያረጠበው ቆርቆሮ አንሸራተተውና ወደቀ። ከወገቡ በታች ያለው አካሉ ከዚያ ወዲያ አልታዘዘውም። ሦስት ዓመት በጀርባው ተኝቶ የሳሎናችንን ኮርኒስ ሲያይ ኖረ። "ይህን ኮርኒስ የመታው ሰው ሌባ ነው፤ አራተኛው ጣውላ ላይ ሁለት ሚስማር ቆጥቧል" ይለኝ ነበር። ኮርኒሱን የመታው ራሱ ነው።

በሞተ በአራተኛው ወር የሥራ ደብዳቤው ደረሰኝ።

የምሠራው ስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። ደብዳቤው ስልኬ ላይ ሲገባ በአንድ እጄ ወረንጦ፣ በሌላው የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ብሎን ይዤ ነበር። ሳነበው ብሎኗ አመለጠችኝ። የጻፈው አንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ድርጅት ነው፤ ዓይንን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ሰውን ሌላ ቦታ ያለ የሚያስመስለውን መነጽር፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉትን፣ የሚሠራው ክፍል። ቋሚ ሥራ፣ ጥሩ ደሞዝ፣ "ከፍተኛ የሶፍትዌር ባለሙያ" የሚል ማዕረግ። የኔ ትምህርት አሥረኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ከተበላሸ ዕቃ ነው።

የሱቁ ባለቤት ከቀኝ ዓይናቸው ላይ አጉሊ መስታወት ስለማይጠፋ ደንበኛው ሁሉ "አጉሊ" ይላቸዋል። እኔ አለቃ ነው የምላቸው።

"አለቃ፣ ሥራ ሰጡኝ።"

"እኔም ሰጥቼሻለሁ። ያ ስልክ ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀሽ ነው።"

"የምሬን ነው። መነጽሩን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው።"

አለቃ አጉሊ መስታወቱን ወደ ግንባራቸው ገፉት። ይህን የሚያደርጉት ነገሩ ከብሎን ሲተልቅባቸው ብቻ ነው።

"ያ ክፍል? እሱ እኮ አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ባለፈው ዓመት ግማሹን ሰው አባረውታል። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ፋብሪካ ሲከፈትለት ያየሁት በነሱ ነው።"

"ወተቷን ያየ ሰው አለ፤ እኔ ቤት።"

አለቃ ቀና ብለው ጣራውን አዩ። ወንድም ጋሼን ያውቁታል። የሱቁን ጣራ የመታው እሱ ነው።

መነጽሩ ወደ ቤታችን የገባውም በዚሁ ሱቅ በኩል ነበር። አንድ ደንበኛ የተበላሸ አምጥቶ፣ ዓመት ቢጠበቅ ሳይመለስ ቀረ። አለቃ "ውሰጂው፤ ለወንድምሽ የኮርኒስ ለውጥ ይሁነው" አሉኝ። ጠግኜ ራሱ ላይ ሳጠልቅለት እኔ ነበርኩ በደስታ የምንቀጠቀጠው። በሦስተኛው ደቂቃ የበላውን ሁሉ አስመለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መነጽሩ የተሠራው ለቆመ ሰው ነው። ተኝቶ ያደረገው ሰው ሰማይ ብቻ ነው የሚታየው። ይህን ለማስተካከል ሠሪዎቹ ዓለሙን ከነመንገዱና ከነቤቱ አዙረው በተኛው ሰው ፊት ያቆሙለታል፤ ተኝቶ ሳለ የቆመ እንዲመስለው። ወንድም ጋሼ አፉን እየጠረገ ችግሩን በአጭሩ ነገረኝ።

"ዓይኔ ቆመሃል ይለኛል፣ ጆሮዬ የለም ተኝተሃል ይለኛል። ሁለቱ ሲጣሉ የሚዳኛቸው ሆዴ ነው።"

"እና ምን ላድርግ?"

"አታቁሚኛ። እኛ ጣራ ላይ ለምሳ ስናርፍ መች ቆመን እናውቃለን? ተዳፋቱ ላይ ጋደም ብለን፣ እግራችንን ወደ ታች ዘርግተን፣ በአውራ ጣቶቻችን መሃል መንገዱን እናያለን። ከዚያ የተሻለ ወንበር ንጉሥም የለው። እንደዚያ አድርጊኝ።"

አሥራ አንድ ወር ፈጀብን። ከሱቅ ስመለስ ፍራሼን ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ እዘረጋና እኔም በጀርባዬ እተኛለሁ። ኮምፒውተሩን ሆዴ ላይ አድርጌ እጽፋለሁ፤ እሱ ከላይ ይሞክራል። "እንሸራተታለሁ" ሲለኝ ተዳፋቱን አለሳልሳለሁ፤ "ሜዳ ላይ ጣልሽኝ" ሲለኝ መልሼ አቀናለሁ። የተኛበትን ትራስ ሳይቀር በውኃ ልክ ለክተን ከጣራው ጋር አስማምተነዋል። ከጣራው በታች አንድ መንገድ ሠራሁለት፤ ዣንጥላ የሚጠግን ሰውዬ፣ በልብስ ማስጫ ገመድ የሚጣሉ ሁለት ጎረቤቶች፣ ቀይ መኪና ብቻ እየመረጠች የምታሳድድ ውሻ። ቀጥሎ የወንድም ጋሼን ድምፅ ቀዳን። ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ጣራው ላይ አጠገቡ ጋደም ብሎ የሚያጫውተው እሱ ነው።

በነጻ ለቀቅነው። አርባ አንድ ሰው አገኘው፤ ሁሉም አልጋ የያዛቸው። ይጽፉልን ነበር፣ እሱ መልሱን ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አንድ ጠዋት ሰውነቱ እንደ ምድጃ ነዶ ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ በአምስተኛው ቀን አለፈ። አልጋው እስካሁን ሳሎን ውስጥ ነው። እኔም ስሠራ ፍራሼን የምዘረጋው እዚያው አጠገቡ ነው፤ ሌላ ቦታ ስዘረጋው እጄ አይሠራልኝም።

አለቃ ከደብዳቤው ጋር የመጣውን ውል በአጉሊ መስታወታቸው ገጽ በገጽ አነበቡት። አራተኛው ገጽ ላይ ጣታቸው ቆመ።

"ቁጥር አሥራ አንድን ስሚ" አሉ። "'ሠራተኛዋ ከመቀጠሯ በፊት ያዘጋጀቻቸው፣ ከሥራው ጋር የሚገናኙ ፈጠራዎች ሁሉ፣ ድምፅና ምስልን ጨምሮ፣ የድርጅቱ ንብረት ይሆናሉ።' ገባሽ? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ያ ክፍል የተዘጋ ቀን ጣራሽን አብረው ይዘጉታል። የወንድምሽን ድምፅ አንቺ ራስሽ ብትከፍቺ ሌባ ነሽ።"

"ባልሄድስ?"

አለቃ መልሱን እንደማውቀው ያውቃሉ። ድርጅቱ መነጽሩን ባደሰ ቁጥር የኛ ጣራ ይናጋል። ባለፈው ወር ሲያድሱት ጣራው ተገለበጠና ሰዎቼ ሁሉ ለሁለት ቀን ዣንጥላ ጠጋኙን ከሥሩ ሲያዩት ዋሉ። አስተካከልኩት። በቀጣዩ ግን ላስተካክለው መቻሌን እንጃ፤ የመነጽሩን ሆድ ዕቃ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ብሄድ ጣራውን ሊወስዱብኝ ነው። ብቀር እጄ ላይ ሊፈርስ ነው። ለመልስ አሥር ቀን ሰጥተውኛል።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ስነግራት የስፌት መኪናውን አላቆመችም፤ መስማት ስትፈልግ እግሯን ታዘገያለች እንጂ አታቆምም።

"ድምፁንም ነው የሚሉት?"

"ድምፁንም።"

"ዓይናቸውን በጨው ታጥበው ነዋ የመጡት።" ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ሥራውንስ ትፈልጊዋለሽ?"

"እፈልገዋለሁ እማዬ።" ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ሰው ከሞተበት ቤት ውስጥ "እፈልጋለሁ" የሚለው ቃል ነውር ይመስለኝ ነበር።

እማዬ ተነሳችና መሳቢያዋን ከፈተች። ልብስ የምትቆርጥባቸው ወረቀቶች ተጣጥፈው የተደረደሩት እዚያ ነው፤ የቀሚስ፣ የኮት፣ የእጅጌ። አንዱን አውጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ጠርዙ በላብ ወዝቷል።

"ይህ ኮት ስንት ሰው ላይ እንዳለ ታውቂያለሽ? እኔም አላውቅም። አንድ ጊዜ ፋብሪካ ሳይቀር ተውሶኛል። ሰፋበት፣ ሸጠ፣ ወረቀቱን መለሰ። ኮቱን ማንም ይልበሰው። ወረቀቱ ግን ከሰፊዋ መሳቢያ አይወጣም። ይህን ሕግ የማያውቅ ሰፊ አላጋጠመኝም።"

"እነሱ ሰፊ አይደሉም።"

"አስተምሪያቸዋ። ከፍተኛ ባለሙያ አይደለሽ?"

ከአርባ አንዱ ሰዎች አንዷን ብቻ ልሂድ ወይስ ልቅር ብዬ ጠየቅኩ። ስድስት ዓመት ከአልጋ ያልወረዱ መምህርት ናቸው። ወንድም ጋሼን በፊደል ግድፈት ይቆጡት ነበር፤ የምጽፈው እኔ መሆኔን እያወቁ። መልሳቸውን በድምፅ ላኩልኝ።

"ልጄ፣ እኔን ከኮርኒስ ጋር መልሰሽ እንዳትድሪኝ እንጂ የትም ሂጂ። ወጣት ነሽ፣ እግር አለሽ። ደግሞ ሳትፈርሚ አንብቢ። አንብበሽም አትፈርሚ፤ ጠይቂ። ተማሪዎቼን ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ የሰማኝ የለም።"

በስምንተኛው ቀን ሄድኩ። እማዬ ኮቴን ተኮሰችልኝ። አለቃ "ብሎን እንዳታስቆጥሩኝ ብለሽ ንገሪያቸው" ብለው ሸኙኝ፤ ምን ማለታቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ክፍሉ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከጠረጴዛዎቹ ግማሹ ባዶ ነበር። አንዱ ወንበር ላይ የተረሳ ሹራብ ተንጠልጥሏል፤ አቧራው ትከሻው ላይ ይታያል። ግድግዳውን ሙሉ ያልተሸጠ መነጽር የያዙ ካርቶኖች እስከ ኮርኒሱ ተደርድረዋል። የስብሰባ ክፍሉ በር እንዳይዘጋ የሚደግፈውም ካርቶን ነበር። ኃላፊው ጢሙን ከተላጨ የሰነበተ፣ ሁለት ስልክ የያዘ ሰው ነው።

"እንኳን ደህና መጣሽ። ወንበር ምረጪ" አለኝ። "ያለን ሀብት ባዶ ወንበር ነው።"

"እንዴት አገኛችሁኝ?" አልኩት።

"አንድ ሐኪም ቤት ሃያ መነጽር ገዝቶን አሥራ ዘጠኙን መለሰ። ሕመምተኛ ሁሉ ያስመልሰዋል ብለው። አንዱን ለምን አስቀራችሁ ብንላቸው ነርሷ 'እሱማ ጣራው አለበት' አለችን። የምን ጣራ እያልን ስንፈልግ አንቺ ጋ ደረስን።"

የመሞከሪያ ክፍላቸውን አሳየኝ። ወለሉ ባዶ ነው፤ ወንበር እንኳ የለውም። ቀድሞ አንድ ሞካሪ ከወንበር ወድቆ ክንዱ ስለተሰበረ፣ ሰው የሚሞክረው ቆሞ ብቻ ነው የሚል ደንብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ የፕላስቲክ ራስ መነጽር አድርጎ በጀርባው ተኝቷል።

"ይሄ ማነው?" አልኩ።

"ተኝቶ የሚሞክርልን እሱ ነው" አለች አንዲት መሐንዲስ። ኮረዳ ናት፤ እጅጌዋ ጣቶቿን የሸፈነ ሹራብ ለብሳለች። "ሦስት ወር ሞክረንበታል። አንድም ችግር አልታየም።"

"አስመልሶት ያውቃል?"

መሐንዲሷ የፕላስቲኩን ራስ አየችው። ቀጥላ ኃላፊውን አየችው። ከዚያ በእጅጌዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና ጀርባዋን ሰጠችን። ሦስት ወር ደክማበታለች።

ኃላፊው ወደ ጥግ ወሰደኝ። "እውነቱን ልንገርሽ። ዛሬ የበላይ ኃላፊያችን ይመጣሉ። እኛ መቀስ ነው የምንላቸው። ባለፈው ሁለት ክፍል ዘግተዋል። እሳቸው ሳይገቡ ብትፈርሚልኝ ጣራውን የኛ ነው ብዬ አሳያቸዋለሁ። ካልፈረምሽ የማሳየው ያንን ራስ ነው።" እስክሪብቶ አወጣ። በሩን እያየ ዘረጋልኝ።

አዘንኩለት። ክፉ ሰው አይደለም። እኔ ግን በዚያ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ አርባ አንድ ሰው ተንጠልጥሎ ነበር የሚታየኝ፣ ከነሱ መሃልም እየሳቀ አንድ የሞተ።

"መጀመሪያ ይዩት" አልኩት። "ተኝተው።"

"የት ይተኛሉ? በዚህ ሕንጻ ውስጥ አልጋ የለም።"

"ካርቶን ሞልቷችኋል።"

ለአፍታ አየኝና ኮቱን አወለቀ። ሦስታችን ካርቶን ማጋዝ ጀመርን። ወደ ራስጌ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ ወደ እግር አንድ እያደረግን ደረደርንና በላዩ ላይ ከጥጉ ጠረጴዛ የነቀልነውን ሰሌዳ አጋደምንበት። መሐንዲሷ ሹራቧን አውልቃ ለትራስ ሰጠችኝ። ስልኬን ሰሌዳው ላይ አስቀምጬ ተዳፋቱን ለካሁ፤ ትንሽ ስለበዛ የደንቡን ወረቀት ከግድግዳው ነቅለን አጥፈን ከእግር በኩል ካርቶኑና ሰሌዳው መሃል ሸጎጥነው።

መቀስ የገቡት እሱን ስንሸጉጥ ነው። ስድሳ የሚሆናቸው፣ አጭር፣ ዘመናዊ መነጽር ሳይሆን የማንበቢያ መነጽር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው።

"ጥሩ ነው፣ ዕቃ ማውጣት ጀምራችኋል" አሉ።

"ጣራ ነው" አልኩ። "ለእርስዎ ነው የሠራነው።"

"አንቺ ደግሞ ማነሽ?"

"ስልክ ጠጋኝ ነኝ።"

ኃላፊው ዓይኑን ጨፈነ። መቀስ ግን ካርቶኖቹን ዞረው አዩዋቸው። "ይህን ነገር ፊቴ ላይ ባደረግኩ ቁጥር ሆዴ ይገለበጣል። ልዘጋው የመጣሁት በዚያ ቂም ነው ብል ብዙ አልዋሽም። አምስት ደቂቃ ነው ያለኝ።"

"ጫማዎን ያውልቁ" አልኳቸው።

አወለቁ። አንዱ ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ጋ ተቀዷል። ተጋደሙ፤ መነጽሩን አጠለቅኩላቸው፤ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ ኃላፊው ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘው። ከወንድም ጋሼ ሞት ወዲህ ያንን ድምፅ አልከፈትኩትም ነበር። ጣራውን ስጠግን ሁሉ ድምፁን ዘግቼ ነበር የምሠራው። አሁን ባዶው ክፍል ውስጥ ሞላ ብሎ ወጣ።

"እንደምን ዋላችሁ። እግራችሁን ዘርጉ። አትፍሩ፤ ይህን ጣራ የመታሁት እኔ ነኝ። የወደቅኩት ከሌላው ነው።"

መቀስ ሳቁ። ከሆዳቸው ነው የሳቁት፤ ካርቶኖቹ ተንቀጠቀጡ። መሐንዲሷም ሳቀች፣ ኃላፊውም። እኔ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። ወንድሜ ሞቶ አራት ወሩ ነው፤ የማያውቁት ሰዎች ደግሞ ዛሬ ጠዋት፣ አሁን በነገራቸው ቀልድ ይስቃሉ። በሩን ለቅቄ ወደ ድምፁ ቀረብኩ።

"ያቺን ውሻ እዩልኝ" ይላል ወንድም ጋሼ። "ቀይ መኪና ብቻ ነው የምታሳድደው። ይዛው ምን ልታደርገው እንደሆነ ነው የጨነቀኝ።"

አምስት ደቂቃው አለፈ። አሥርም አለፈ። መቀስ በእግራቸው ጣቶች መሃል መንገዱን ያያሉ። የተቀደደው ካልሲ ውስጥ አውራ ጣታቸው ይንቀሳቀሳል።

"ሆድዎስ እንዴት ነው?" አላቸው ኃላፊው።

"ረስቼው ነበር። አታስታውሰኝ።" ትንሽ ቆይተው፣ "ይህ ሰውዬ ማነው?" አሉ።

"ወንድሜ ነው" አልኩ።

"አሁንም ጣራ ይሠራል?"

"አርፏል። አራት ወር ሆነው።"

ዣንጥላ ጠጋኙን ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ አዩት።

"ስንት ሆናችሁ ነው የሠራችሁት?"

"ሁለት። አንዱም አንዷም ተኝተን።"

"ድምፁን በርግጥ በባለሙያ እንቀይረዋለን" አለ ኃላፊው። "ጥራቱ ትንሽ…"

"ማን ጠየቀህ?" አሉት መቀስ ከካርቶናቸው ላይ።

ያኔ ነው የተናገርኩት። ቆሜ ብናገር ድምፄ ይሰበር ነበር፤ ስለዚህ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ ጣራው የድርጅቱ አይደለም። ውሉን አልፈረምኩም። ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ከነወንድሜ ድምፅ ውሰዱት ይላል። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። በሷ ሙያ ኮቱን የፈለገ ይሰፋዋል፣ የፈለገ ይለብሰዋል፣ የተቆረጠበት ወረቀት ግን ከሰፊዋ መሳቢያ አይወጣም። ለእናንተ መነጽር ሁሉ ጣራ እሰፋላችኋለሁ። ወረቀቱ የኔ ነው። ክፍሉን ዛሬም ዝጉት ነገም፣ አርባ አንድ ሰው ጣራዬ ላይ ተኝቷል፤ አንዱም አይወርድም። መነጽሩን ባደሳችሁ ቁጥር ጣራው እንዳይገለበጥ ከኔ ጋር የሚጠብቅ ሰው ትመድባላችሁ። ድምፁን ማንም አይነካውም።"

የኃላፊው ፊት አመድ መስሏል። መሐንዲሷ "የምመደበው እኔ ነኝ" አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

"ደሞዝ አልጠየቅሽም" አሉ መቀስ።

"እሱ ገጽ ሁለት ላይ አለ። አንብቤዋለሁ።"

"እምቢ ብልስ?"

"ወደ ስልኬ እመለሳለሁ። ጣራዬን ይዤ።"

መነጽሩን ወደ ግንባራቸው ገፉት፤ ልክ አለቃ አጉሊ መስታወታቸውን እንደሚገፉት። ከተኙበት እጃቸውን ዘረጉ። "ውሉን አምጡ።"

ኃላፊው ውሉንና እስክሪብቶውን ሰጣቸው። ወረቀቱን ከፊታቸው በላይ ይዘው ቁጥር አሥራ አንድን ሊሰርዙ ሞከሩ። እስክሪብቶው አልጽፍ አለ። አራገፉት፤ እንደገና ሞከሩ። ኃላፊው ሌላ ሰጣቸው፤ ሁለት ፊደል ጽፎ ቆመ። ከኮቴ ኪስ እርሳስ አውጥቼ አቀበልኳቸው።

"በጀርባ ተኝቶ በእስክሪብቶ አይጻፍም" አልኩ። "ቀለሙ ወደ ታች ይሸሻል።"

"ይህን የሚያውቅ ሰው እዚህ ነበራችሁ?" አሉ መቀስ ወደ ኃላፊው ዞረው።

"አልነበረንም።"

"እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር።" ቁጥር አሥራ አንድን ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። ያልኩትን ሦስቱን ነገር ኅዳጉ ላይ በተንጋደደ ጽሕፈት ጻፉ፤ እያንዳንዱን ጽፈው ጮክ ብለው እያነበቡ፣ "ይሄው ነው?" እያሉኝ። ከዚያ ተነሥተው ተቀመጡና በላዩ ላይ በቀለም ሄዱበት፣ ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። ሃያ ሦስት ደቂቃ ነበር ተኝተው የቆዩት።

ጫማቸውን እያደረጉ፣ "ዛሬ ከዚህ ክፍል ሰው ላሰናብት ነው የመጣሁት" አሉ። በጣታቸው ወደ ጥጉ ጠቆሙ። "ያንን የፕላስቲክ ራስ አሰናብቱት። ለሌሎቻችሁ አንድ ዓመት ሰጥቻለሁ።"

በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ኃላፊው ያለ ጫማ የቆመ ይመስል እግሩን አየ፤ ከዚያ ካርቶኖቹ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና ሁለቱንም ስልኮቹን አጠፋቸው። መሐንዲሷ አቀፈችኝ። ሹራቧን እንኳ አልመለስኩላትም ነበር።

ከሕንጻው ደጃፍ ለእማዬ ደወልኩ። የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማኛል። የሆነውን ስነግራት እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄደና፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቆመ።

"መሬት ተቀምጠሽ? እሷም ተኝታ?"

"አዎ እማዬ።"

"እንግዲህ ልጆቻቸውን 'ተነሱና ሥራ ፈልጉ' የሚሉ እናቶች ምን ይዋጣቸው?" አለች። እየሳቀች ነበር። እያለቀሰችም ነበር፤ እኔም እንደዚያው። መንገደኛው ሁሉ ዞር እያለ ያየኝ ነበር፤ ግድ አልሰጠኝም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ የቀሩት ዘጠኙም መሐንዲሶች ከየቤታቸው ትራስ ይዘው መጥተው ነበር። የሕፃን ትራስ ያመጣም ነበር፤ ጥንቸል የተሳለበት። ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው፣ ካርቶኖቹን በረድፍ ተዳፋት አድርገው ደርድረው፣ ትራሳቸውን ታቅፈው ቆመው ይጠብቁኛል። ሁሉም ባለ ዲግሪ ናቸው። አንዱ ማስታወሻ ደብተር ይዟል።

"ከየት እንጀምር?" አለኝ ኃላፊው። ጢሙን ተላጭቷል።

"ጋደም በሉ" አልኳቸው።

ጋደም አሉ።